ሻርክ በሚያድግበት ልክ እንጂ በተፈለፈለበት ልክ አይሸጥ

የፖሊሲ አጭር ጽሑፍ፦ በመኖሪያ ቤት አኳሪየም ስለሚቀመጡ ትንንሽ የባሕር ወለል ሻርኮች

ጭብጥ

ባምቡ ሻርክን የመሰሉ በባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ ሻርኮች በአኳሪየም መደብሮች የሚሸጡት ገና በእንቁላል ውስጥ ሳሉ ወይም ከአንድ ስንዝር ሳይበልጡ ነው። ሲያድጉ ግን አንድ ሜትር ይሞላሉ፤ እስከ 25 ዓመትም ሊኖሩ ይችላሉ። በሽያጩ ቀንና በእድገቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዛሬ የሚከፍለው እንስሳው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው፤ ሻርክ መሸጥ ያለበት ባለው ልክ ሳይሆን በሚሆነው ልክ ነው። ይህንንም የማረጋገጥ ግዴታ በቅድሚያ በገዢው ሳይሆን በሻጩ ላይ መውደቅ አለበት።

በሕፃን ጋሪ የተወሰደችው ሻርክ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2018 በቴክሳስ ግዛት በሚገኘው የሳን አንቶኒዮ አኳሪየም፣ ጎብኚዎች እጃቸውን ነክረው የባሕር እንስሳትን ከሚነኩበት ገንዳ አንዲት ትንሽ ሻርክ ጠፋች። የወሰዷት ሰዎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በሕፃን ጋሪ ደብቀዋት ነበር። ሚስ ሄለን የሚል ስም የወጣላት ይህች ሆርን ሻርክ ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊስ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ በሕይወት አገኛትና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በዚያው ቤት ሌሎች የባሕር እንስሳትን የያዙ ገንዳዎችም ተገኙ።

የዓለም የዜና አውታሮች ወሬውን እንደ ቀልድ ተቀባበሉት። ከቀልዱ ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ቀረ። ሰውየው ተመሳሳይ መጠን ያላት ሌላ የወለል ሻርክ ከመደብር ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ፖሊስም ጋዜጠኛም በሩን ባላንኳኳ ነበር። ሕጉ የመረመረው የንብረቱን ባለቤትነት ነው። ሻርኳ ቀሪ ዘመኗን በምን ያህል ስፋት፣ በምን ዓይነት ውሃ፣ በማን እጅ ታሳልፋለች የሚለውን የሚጠይቅ አካል በስርቆቱም ጊዜ አልነበረም፤ በግዢም ጊዜ አይኖርም ነበር።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ክርክሩ ከእንስሳው ተፈጥሮ መጀመር አለበት። በአኳሪየም ንግድ በብዛት ከሚታወቁት የወለል ሻርኮች መካከል ባለ ቡናማ ቀለበቱ ባምቡ ሻርክ፣ ባለ ነጭ ነጠብጣቡ ባምቡ ሻርክና ኤፖሌት ሻርክ ይገኙበታል። ሁለቱ ባምቡ ሻርኮች የእስያ ባሕሮች ተወላጆች ናቸው። ባለ ቀለበቱ ከህንድ ዳርቻ ጀምሮ በታይላንድ፣ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ አድርጎ እስከ ደቡብ ጃፓንና ሰሜን አውስትራሊያ ይገኛል። ኤፖሌት ሻርክ ደግሞ በአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ዳርቻ በሰፊው የሚታወቅ ሲሆን፣ ማዕበሉ ሲሸሽ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በክንፎቹ እየተራመደ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ይሻገራል።

እነዚህ ሻርኮች እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው ለመተንፈስ ሲሉ ያለማቋረጥ መዋኘት አይጠበቅባቸውም። ወለል ላይ ተጋድመው ውሃውን ራሳቸው እየሳቡ ይተነፍሳሉ፤ ቀን ቀን በድንጋይና በኮራል ሥር ይጠለላሉ። እንቁላላቸውን በቆዳ መሰል ከረጢት ውስጥ ስለሚጥሉ ግልገሉ ከወራት በኋላ ከከረጢቱ ይወጣል። ነጋዴው የሚወደው ይህን ነው። ከረጢቱ ለማጓጓዝ ይቀላል፤ በብርሃን ሲታይ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ጽንስ የልጅንም የአዋቂንም ልብ ይሰርቃል።

ባለ ቀለበቱ ባምቡ ሻርክ ሲፈለፈል ከ13 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ነጭና ጥቁር ቀለበቶቹ ያማሩ ናቸው። ሲጎለምስ ቀለበቶቹ ይደበዝዛሉ፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ለጌጥ የተገዛው እንስሳ ጌጡን ጥሎ ሥጋና ጉልበት ይዞ ይመጣል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለው አባባል ለዚህ ገዢ የተነገረ ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የሚጎዳው ጎርጓሪው ብቻ ሳይሆን «ዘንዶውም» መሆኑ ነው።

የሊትር ማታለያ

የሻርክ ገንዳ በንግዱ ዓለም የሚነገረው በጋሎን ወይም በሊትር ነው። ለባምቡ ሻርክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ መጠን 180 የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 680 ሊትር ያህል ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ትልቅ ይመስላል። ሳሎን ውስጥ ሲቆምም ግድግዳ ይሞላል። ይሁን እንጂ የወለል ሻርክ በሊትር አይኖርም፤ በወለል ይኖራል።

በገበያ የተለመደው የዚህ መጠን ገንዳ ርዝመቱ 183፣ ወርዱ 61፣ ከፍታው 61 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ገንዳ ውስጥ አንድ ሜትር ከ4 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ሻርክ ቢቀመጥ በወርዱ በኩል ተዘርግቶ ሊተኛ አይችልም፤ ከአካሉ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ትርፍ ይሆናል። በርዝመቱ በኩል ደግሞ አፍንጫው አንዱን ግድግዳ ሲነካ ከጅራቱ እስከ ሌላኛው ግድግዳ የሚቀረው 79 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም የራሱን አንድ ቁመት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ድንጋዩ፣ መሸሸጊያውና የማጣሪያው ቧንቧ ቦታ ይሻማሉ። ውሃውን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ሊትሩን ይጨምራል፤ ለሻርኩ ግን አንድ ስንዝር ወለል አይጨምርለትም።

አከፋፋዮች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፦ «ሰውነቱ ተጣጣፊ ነው፤ ታጥፎ ይዞራል።» እውነት ነው፤ ይዞራል። መታጠፍ መቻል ግን ዕድሜ ልክ ታጥፎ ለመኖር ፈቃድ አይሆንም። ሰውም በመኪና የኋላ ወንበር ተኮራምቶ መተኛት ይችላል፤ ማንም ግን ያንን መኝታ ቤት ብሎ አያከራይም።

ክብደቱም መዘንጋት የለበትም። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ አንድ ኪሎ ከ25 ግራም ያህል ይመዝናል። በመሆኑም 680 ሊትር ውሃ ብቻውን ወደ 700 ኪሎ ይጠጋል። ያረፈበት ስፋት 1.12 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ መስታወቱ፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና ማቆሚያው ሳይታሰቡ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ600 ኪሎ በላይ ያርፋል። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፍበት ጭነት በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ወለሉ በማግሥቱ ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ ሸክሙ በየትኛው ተሸካሚ እንጨት ላይ እንዳረፈ ይወስነዋል። ሆኖም ያለ መሐንዲስ ምክርና ያለ አከራይ ፈቃድ በሁለተኛ ፎቅ አፓርትመንት እንዲህ ያለ ገንዳ ማቆም የራስን ብቻ ሳይሆን የታችኛውን ጎረቤትም ቤት ማስያዝ ነው።

ለእንስሳው በቂ ቦታ ይሰጥ ቢባል ሒሳቡ ወዴት እንደሚወስድ ማየት ይጠቅማል። ርዝመቱ የሻርኩን ቁመት አራት እጥፍ፣ ወርዱ አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ ወለል ለጋስነት አይባልም። ለአንድ ሜትር ሻርክ ይህ 4 ሜትር በ1.5 ሜትር ማለት ነው። ውሃው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሞላ እንኳ 3,600 ሊትር፣ ማለትም ከ3.6 ቶን በላይ ይሆናል። «ትልቅ የቤት አኳሪየም» የሚባለው ቃል ትርጉሙን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ለቤቱ ትልቅ የሆነው ለሻርኩ ትንሽ ነው፤ ለሻርኩ የሚበቃው ደግሞ ከቤቱ ይበልጣል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

ጠባብነት የመከራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሻርክ ሥጋ በል በመሆኑ የሚያስወግደው ቆሻሻ ብዙ ነው። ቆሻሻው በማጣሪያው ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ተለውጦ በመጨረሻ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬት ብዙ ዓሣዎችን ወዲያው ስለማይገድል «ውሃው ደኅና ነው» ይባላል። ሻርክ ግን ለረጅም ጊዜ በናይትሬት የተሞላ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የእንቅርት ዕጢው አዮዲንን በሚገባ መውሰድ ይሳነዋል፤ ጉሮሮው ሥር እብጠት ይወጣል። በምርኮ ያሉ ሻርኮች እንቅርት በሕዝብ አኳሪየሞች ሳይቀር የታወቀ ችግር ነው፤ በባለ ነጭ ነጠብጣቡ ባምቡ ሻርክም ላይ ተጠንቷል።

እንቅርት ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ቃል አይደለም። በደጋው አገር በአዮዲን እጥረት ምክንያት ስንት እናቶች አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው እንደኖሩ የሚያስታውስ ሰው፣ በመስታወት ውስጥ ያለ እንስሳ ያንኑ ሕመም እንደሚታመም ሲሰማ ጉዳዩ የቅንጦት ወሬ አለመሆኑን ይረዳል። ልዩነቱ፣ የደጋው ሰው እንቅርት ከመሬቱ የአዮዲን ድህነት የመጣ ሲሆን የሳሎኑ ሻርክ እንቅርት በገንዘብ የተገዛ መሆኑ ነው።

በእንቅርቱ ላይ ጆሮ ደግፉ ይጨመራል። በአኳሪየም ዓሣዎች ቆዳ ላይ የሚወጣውን ጥገኛ ተባይ ለማከም በሰፊው የሚሸጠው መድኃኒት መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ለሻርክ መርዝ ነው። በአንድ ገንዳ ከሻርኩ ጋር የሚኖሩ ዓሣዎች ሲታመሙ ባለቤቱ ከመደብር የገዛውን ጠብታ ቢጨምር ሊያድን ያሰበውን ትቶ ሌላውን ይገድላል። ሻካራ ጠጠር የተነጠፈበት ወለል ሆዱን ይልጠዋል። በቅዝቃዜ የቆየ ዓሣና ስኩዊድ ብቻ ሲመገብ ቫይታሚን ቢ1 ይጎድለዋል። የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚለይ የስሜት ሕዋስ በአፍንጫው ዙሪያ ስላለው ከተበላሸ ፓምፕ ወይም ማሞቂያ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ለእርሱ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ሙቀቱም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት የኤፖሌት ሻርክ እንቁላሎች በ27፣ በ29 እና በ31 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ ውስጥ እንዲያድጉ ተደርጎ ነበር። በ31 ዲግሪ ያደጉት ቀድመው ተፈለፈሉ፤ ይሁን እንጂ አነስ ያሉና አቅም ያነሳቸው ሆነው ወጡ። የአራት ዲግሪ ልዩነት የእንስሳውን መነሻ እንዲህ ከለወጠ፣ ከቤት ውጭ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት የባሕረ ሰላጤ በጋ አየር ማቀዝቀዣ ለግማሽ ቀን ሲቋረጥ በሳሎን ገንዳ ውስጥ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ለሽያጩ የሚቀርቡ መከራከሪያዎች

የመጀመሪያው መከራከሪያ እንስሳው ሰነፍ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል የሚል ነው። ተኝቶ የሚውለው የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ነው። ባለቤቱ ከሥራ ተመልሶ ራቱን በልቶ መብራት ሲያጠፋ የሻርኩ ቀን ይጀምራል፤ በግድግዳው ዙሪያ ሲመላለስ የሚያየው ሰው የለም። ያልታየ መንከራተት ዕረፍት ተብሎ ይመዘገባል።

ሁለተኛው መከራከሪያ በምርኮ መራባቱ የባሕሩን ሻርክ ያድናል የሚል ነው። ለዚህ መከራከሪያ ተገቢው ክብር ሊሰጠው ይገባል፤ ምክንያቱም በትክክለኛው እጅ እውነት ሊሆን ይችላል። በኢንዶኔዥያው ራጃ አምፓት ከሕዝብ አኳሪየሞች የተላኩ የዜብራ ሻርክ እንቁላሎች በስፍራው ተፈልፍለው፣ ግልገሎቹ ከጃኑዋሪ 2023 ጀምሮ ወደ ባሕር መለቀቅ ጀምረዋል። ያ ሥራ ግን የዘር ምርመራ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የመንግሥት ፈቃድና ከዓሣ ማጥመድ የተጠበቀ ባሕር ነበረው። ከመደብር የተገዛ፣ ወላጁና ትውልድ ቦታው ያልተመዘገበ ሻርክ ወደ ባሕር አይመለስም፤ መመለስም የለበትም። «በምርኮ የተራባ» የሚለው ምልክትም ቢሆን እንቁላሉ የት እንደተጣለ ይናገር እንደሆነ እንጂ እናቲቱ ከየት እንደተያዘች አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ ተፈጥሯዊ እውነታ መታከል አለበት። በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ስታይንሃርት አኳሪየም አንዲት ባለ ቀለበት ባምቡ ሻርክ ከወንድ ከተለየች ከ45 ወራት በኋላ ባቆየችው ዘር ግልገል እንዳፈራች እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘግቧል። በዲትሮይት ቤል አይል አኳሪየም ደግሞ ባለ ነጭ ነጠብጣብ ባምቡ ሻርክ ያለ ወንድ መውለዷ ታውቋል። ስለዚህ «አንዲት ብቻ ነው የገዛሁት» ያለ ሰው ሳያስበው አራቢ ሊሆን ይችላል፤ ትርፍ እንቁላሎቹም ወደ ሌላ ጠባብ ገንዳ ይሸጣሉ።

ሦስተኛው መከራከሪያ ልጆችን ስለ ተፈጥሮ ያስተምራል የሚለው ነው። ያስተምራል፤ ግን ምን? ገንዘብ ያለው ሰው የባሕርን እንስሳ ከሶፋ ጎን ማቆም እንደሚችል ያስተምራል። እንስሳው በሁለተኛው ዓመት ሲታመም፣ በአምስተኛው ዓመት «ለጥሩ ሰው» ሲሰጥ፣ ተቀባዩም ሲጠፋ ልጁ የሚማረው ሌላ ትምህርት ነው።

አራተኛው ደግሞ ሻርኮችን እያጠፋ ያለው መረብ እንጂ አኳሪየም አይደለም ይላል። ይህ ትክክል ነው። ከሻርክ፣ ከሬይና ከቅርብ ዘመዶቻቸው ዝርያዎች ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው በዋነኛነት ከልክ ባለፈ ዓሣ ማጥመድ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱን ባምቡ ሻርኮች ለአደጋ ከተቃረቡት መካከል የመደባቸውም ለዚሁ ነው። ሆኖም ትልቁ በደል የትንሹ በደል ምስክር ሆኖ ሊቆም አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ክስ የሳሎን ገንዳ ዝርያውን ያጠፋል የሚል አይደለም። ክሱ፣ ሻጩ የሚያውቀውን የእንስሳ መጠን ደብቆ፣ ገዢው የማይችለውን ግዴታ አሸክሞ፣ እንስሳውን ለረጅም ሥቃይ ይዳርጋል የሚል ነው።

ሕጉ የት ቆሟል?

የአሜሪካ ፌዴራል የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ደመ ቀዝቃዛ እንስሳትን ከትርጉሙ ውጭ ስላደረገ ዓሣም ሻርክም ከለላው አይደርሳቸውም። ሕጉ የሚነቃው ንግዱ የዱር ሀብትን በሕገወጥ መንገድ ሲነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ አንድ የሃይማኖት መሪ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ከተፈቀደው ርዝመት በታች የሆኑ የነብር ሻርክ ግልገሎችን አስይዞ ለአኳሪየም ገበያ በማቅረብ ሴራ የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈርዶበታል። በግዛቲቱ ለዚህ ሻርክ የተወሰነው ዝቅተኛ ርዝመት 91 ሴንቲ ሜትር ነበር። ገበያው የፈለገው ደግሞ ትንንሾቹን ነበር፤ ገንዳ የሚገባው ትንሹ ነውና። ፍላጎቱ ከየት እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በእንግሊዝና በዌልስ የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት ሁሉ ስለሚያቅፍ ሻርክም ይገባበታል። አንቀጽ 9 ለእንስሳው ተስማሚ መኖሪያ፣ ምግብና ተፈጥሯዊ ጠባዩን የሚገልጥበትን ዕድል የማሟላት ግዴታን በያዡ ላይ ይጥላል። መልካም ሕግ ነው፤ ጉድለቱ የሚደርሰው ሻርኩ ቤት ከገባና ከተጎዳ በኋላ መሆኑ ነው። ለአደገኛ የዱር እንስሳት ፈቃድ የሚጠይቀው የ1976ቱ ሕግ ዝርዝር ደግሞ አንድም ዓሣ የለውም።

ጀርመን አንድ እርምጃ ቀድማለች። ከ2014 ጀምሮ የንግድ ሻጭ ለአዲስ ያዥ እንስሳ ሲያስረክብ ስለ እንስሳው ዋና ዋና ፍላጎቶች የጽሑፍ መረጃ መስጠት አለበት። ስዊዘርላንድ ከዚህም አልፋ በተፈጥሮ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድጉ ዓሣዎችን በግል ለማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ቅድሚያ ፈቃድ ትጠይቃለች። የስዊዘርላንድ ሕግ ቁም ነገር ቃሉ ውስጥ አለ፤ የሚለካው ዛሬ ያለው ሳይሆን የሚያድግበት ነው።

በባሕረ ሰላጤው የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው 22ኛ ቁጥር ፌዴራል ሕግ አንበሳና ነብርን የመሳሰሉ አደገኛ አራዊትን በግል መያዝ ከልክላለች። ይህ ሕግ በዋናነት የሰውን ደኅንነት ያሰበ ቢሆንም፣ ሀብት ያለው ሰው የፈለገውን እንስሳ ቤቱ ያስገባ ዘንድ መብት እንደሌለው በግልጽ ያስቀመጠ ነው። መርሁ ወደ ውሃው እንስሳ የማይሻገርበት ምክንያት የለም። በተለይ የዐረቢያ ምንጣፍ ሻርክ የተባለው የባምቡ ሻርኮች የቅርብ ዘመድ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር፣ ጉዳዩ ለአካባቢው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በዱር እንስሳት ንግድ ላይ የሚሠራው የሳይቴስ ስምምነት በኖቬምበር 2022 በፓናማ ጉባኤው ብዙ ሻርኮችን በቁጥጥር ዝርዝሩ አስገብቷል። ባምቡ ሻርኮች ግን ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ስንት እንቁላልና ስንት ግልገል ድንበር እንደሚሻገር የሚቆጥር ወጥ የሆነ መዝገብ የለም።

ጉዳዩ አማርኛ ተናጋሪውን ለምን ያገባዋል?

ከዲሲ ዳርቻ እስከ ዱባይ፣ ከስቶክሆልም እስከ ለንደን የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ከዚህ ገበያ ጋር በሦስት በር ይገናኛል። አንደኛው በገዢነት ነው። ቤት ገዝቶ ሳሎኑን የሚያስጌጥ፣ ምግብ ቤት ከፍቶ እንግዳ የሚስብ ነገር የሚፈልግ፣ ልጁ በመደብር መስታወት ፊት ቆሞ የሚለምነው ወላጅ ሁሉ የዚህ ንግድ ተፈላጊ ደንበኛ ነው። የተረከበው የእንክብካቤ ወረቀት ከተሰጠውም በአገሩ ቋንቋ አይደለም።

ሁለተኛው በተከራይነት ነው። የወለል ጉዳትና የውሃ መፍሰስ በኪራይ ውል ምን እንደሚያስከትል ሳያነብ ግማሽ ቶን የሚያልፍ ውሃ የሚያቆም ሰው ዕዳውን በኋላ ያነበዋል። ሦስተኛው በሠራተኛነት ነው። በባሕረ ሰላጤው በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም። ሻርክ ባለበት ቤት ገንዳውን ማጽዳት፣ ጨው መበጥበጥና ሥጋ ማጉረስ በሠራተኛዋ ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ ሥልጠና ሳይሰጣት በኤሌክትሪክና በውሃ መካከል እንድትቆም ይደረጋል ማለት ነው። እንስሳው ቢሞት ደግሞ የሚጠየቀው ማን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ምክረ ሐሳቦች

1. ሕግ አውጪዎች ለአኳሪየም የሚሸጥን ማንኛውንም የሻርክ ዝርያ በአዋቂ ርዝመቱ እንዲመደብ ያድርጉ። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያድግ ሻርክ፣ እንቁላሉን ጨምሮ፣ ለግለሰብ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይሸጥ።

2. ፈቃዱ በሊትር ሳይሆን በወለል ርዝመትና ወርድ ይሰጥ። መነሻው የአዋቂው ሻርክ ቁመት አራት እጥፍ ርዝመትና አንድ ተኩል እጥፍ ወርድ ይሁን። ገንዳው ከሽያጩ በፊት ቆሞ ውሃው መመርመር አለበት፤ «ሲያድግ ትልቅ እገዛለሁ» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም።

3. ሻጩ የአዋቂውን ርዝመት፣ የዕድሜውን ጣሪያ፣ የመዳብን መርዛማነትና የእናቲቱን ምንጭ በጽሑፍ ያስረክብ። ብዙ ስደተኞች በሚኖሩባቸው ከተሞች መረጃው አማርኛን ጨምሮ በማኅበረሰቦቹ ቋንቋዎች ይዘጋጅ።

4. ሻጩ የሸጠውን ሻርክ የመልሶ መቀበል ግዴታ ይኑርበት። ይህ ግዴታ ብቻውን ብዙ ሽያጮችን ያስቆማል፤ ነጋዴው አንድ ሜትር የሞላ ሻርክ የት እንደሚያስቀምጥ ከማንም በላይ ያውቃልና።

5. የሳይቴስ አባል አገሮች ለአኳሪየም የሚጓጓዙ የባምቡ ሻርክ እንቁላሎችንና ግልገሎችን በዝርያ ለይተው መመዝገብ ይጀምሩ። ያልተቆጠረ ንግድ አይገደብም።

6. የማኅበረሰብ ማኅበራት፣ የአማርኛ መገናኛ ብዙኃንና የምግብ ቤት ባለቤቶች ሻርክን የጌጥና የማስታወቂያ ዕቃ ከማድረግ ይቆጠቡ።

ሻርኩ ቀድሞ ቤት ገብቶ ከሆነ

ዛሬ ሻርክ በቤቱ ያለ ሰው ወንጀለኛ ተብሎ እንዲሳደድ አይፈለግም፤ ብዙው የተታለለ ገዢ ነው። የሚጠበቅበት ግን ግልጽ ነው። በምንም ምክንያት ወደ ባሕርም ወደ ሐይቅም አይልቀቀው። የህንድና የፓሲፊክ ውቅያኖስ ተወላጅ የሆነው ላየንፊሽ እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ዳርቻ ከታየ ወዲህ በካሪቢያን ባሕር ላይ ያደረሰው ጥፋት ከአኳሪየም የተለቀቀ ዓሣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። ሻካራውን ጠጠር በደቃቅ አሸዋ ይተካ፤ የናይትሬትን መጠን እየለካ ውሃውን ይቀይር፤ መዳብ ያለበትን መድኃኒት ከቤቱ ያውጣ፤ ጉሮሮው ሥር እብጠት ካየ የዓሣ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ይጥራ። ሻርኩ ሳያድግ ተቀባይ መፈለግ ይጀምር፤ የሕዝብ አኳሪየሞች ቦታቸው ውስን በመሆኑ የማይፈለግ ባምቡ ሻርክን በቀላሉ አይቀበሉም። ሁለተኛም አይግዛ።

መደምደሚያ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። ማንም ሰው ሻርክ ሳሎኑ ውስጥ ባለመኖሩ አልተቸገረም። ብድሩን የሚወስደው ሰው ነው፤ የሚከፍለው ግን በሌሊት ከመስታወት ወደ መስታወት የሚመላለሰው፣ የራሱን ቁመት ያህል እንኳ ፊቱ ክፍት ሆኖ የማያገኘው እንስሳ ነው። በከረጢቱ ውስጥ በብርሃን የሚታየው ጽንስ በእርግጥ ያምራል። ሕግ የሚያስፈልገው ግን ሻጩ ዛሬ ለሚያሳየው ውበት ሳይሆን፣ እንስሳው ነገና ከዚያም በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ለሚኖረው ኑሮ ነው። ሻጩ የአዋቂውን መጠን ያውቃል። የሚያውቀውን እንዲናገር፣ ለሸጠውም እንዲጠየቅ ማድረግ ከሕግ የሚጠበቅ ዝቅተኛው ነገር ነው።